«ቶሎ ና» ከማለት «በሰላም ግባ»

የከባድ መኪና ሹፌር ትዳር ፈተናው ብዙ ነው። ከአዲስ አበባ በጋላፊ በኩል እስከ ጅቡቲ ያለው መንገድ 900 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ የአገራችን ዕቃ በብዛት ይገባ የነበረው በአሰብ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ጭነቱ በጅቡቲ መሥመር ላይ ወድቋል። የባቡሩ መሥመር ከተከፈተ በኋላም ቢሆን አብዛኛውን ጭነት የሚያመላልሰው ባለ ተሳቢው መኪና ነው። አዋሽን፣ ገዋኔንና ሚሌን አልፎ የሚጓዘው ሹፌር የአፋርን ቆላ ሐሩር፣ የወደቡን ወረፋና የጎማ መፈንዳትን ይችላል። እሱ ይህን ሲችል ቤቱን የምትችለው ደግሞ ሚስቱ ናት።

በአዳማ ከተማ የሚኖሩ አንዲት የሦስት ልጆች እናት ያጫወቱኝን ላካፍላችሁ። ባለቤታቸው ተሳቢ ሲነዱ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል።

«ትልቋ ልጃችን የምትመረቅ ዕለት አባቷ ከወደብ ገና መመለሱ ነበር» አሉኝ። «ስልክ ደውዬ ‹ነገ ካልደረስክ አባት ነኝ አትበል› አልኩት። ሌሊቱን ሳያርፍ ሲነዳ አድሮ አዋሽ አጠገብ እንቅልፍ ሸለብ አደረገው። መኪናው ከመንገድ ወጣ። እሱ ተረፈ፣ የረዳቱ ክንድ ግን ተሰበረ። ባለቤቴ አንድም ቀን ‹በአንቺ ምክንያት ነው› አላለኝም። ልጁን ልጠይቅ ሆስፒታል ስሄድ እናቱ አጠገቡ ተቀምጣለች። ምን ብዬ ላናግራት?»

ከዚያ ወዲህ እኚህ እናት ደንብ አውጥተዋል። ባለቤታቸው መኪና ሲነዱ አይደውሉላቸውም፤ እርሳቸው አንድ ቦታ ሲያርፉ ይደውላሉ። ጥያቄውም «መቼ ትገባለህ?» መሆኑ ቀርቶ «ምን በላህ? እንቅልፍ አገኘህ?» ሆኗል። ዓመት በዓል ሲያልፍ ዶሮው የሚሠራው አባት በገቡበት ቀን ነው። ልጆቹም አባታቸው ካደሩበት ከተማ ስም ጋር ተላምደዋል። ድሮ ትንሹ ልጅ አባቱን እንደ እንግዳ ቆጥሮ ከእናቱ ቀሚስ ጀርባ ይደበቅ ነበር።

ብዙዎች እንቅልፍን በቡና ወይም በጫት እናሸንፋለን ይላሉ። ይህ ስሕተት ነው። ቡናውም ጫቱም ለጊዜው ቢያነቃ እንጂ የደከመ ሰውነት የሚፈልገው እንቅልፍ ነው። ስለዚህ ሹፌሩን በምልልስ ብዛት የሚያጣድፉ ባለንብረቶችም ከተጠያቂነት አያመልጡም።

እናቶችና እህቶች፣ ጽናት ማለት ችግርን አፍኖ መያዝ አይደለም። የቤት ኪራዩን፣ የልጆቹን ሕመም፣ የብቸኝነቱን ነገር ባል ሲገባ በግልጽ መነጋገር ያስፈልጋል። ይህ ግን ሰውየው ካረፈ በኋላ ይደርሳል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል። መንገድ ላይ የፈሰሰ ግን አይለቀምም።