ያልተጻፈ ዜማ ባለቤት

በኢትዮጵያ የአንድን ዘፈን ባለቤትነት በዋናነት የሚወስነው ሕግ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሲሆን፣ ለግጥምና ለዜማ ደራሲ የቅጅ መብትን፣ ማለትም ሥራው እንዲባዛ፣ እንዲቀናበርና በሕዝብ ፊት እንዲቀርብ የመፍቀድና የመከልከል ሥልጣንን፣ በሕይወት ዘመኑና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይሰጠዋል። ድምፃዊው፣ በሕጉ አጠራር «ከዋኙ»፣ የሚያገኘው ተዛማጅ መብትን ነው፤ ይህም የራሱን አቀራረብ እንጂ ግጥሙንና ዜማውን አይመለከትም። ስለዚህ ዛሬ «ከቨር» የሚባለውን፣ የቆየ ዘፈን በራስ ድምፅ አድሶ መሥራትን፣ የሚሻ ወጣት የታወቀውን ድምፃዊ «መርቀኝ» ማለቱ መልካም ሥነ ምግባር ቢሆንም፣ የደራሲዎቹን ፈቃድ አይተካለትም። በአሜሪካ ከ1909 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ ጊዜ ታትሞ የወጣን ዘፈን በሕግ የተተመነውን ክፍያ ከፍሎ አድሶ መቅረጽ ይቻላል፤ በኢትዮጵያ ግን መነሻው ፈቃድ ነው።

ችግሩ የሚከብደው ደራሲው በማይታወቅበት ቦታ ነው። አዋጁ ምዝገባን ግዴታ ባያደርግም፣ ጥበቃ የሚሰጠው ወጥ ለሆነና ተጽፎ፣ ተቀርጾ ወይም በሌላ ዘዴ ግዙፍነት ላገኘ ሥራ ብቻ ነው። በሊማሊሞ ቁልቁለት አካባቢ በድብ ባሕር፣ በደባርቅና በዳባት ግን ዘፈን የሚወለደው በሠርግ ዳስና በጠጅ ቤት ነው። አዝማሪው መሰንቆውን ቃኝቶ ሲጀምር ከታዳሚው አንዱ «ተቀበል» ይልና ሁለት ስንኝ ይሰጠዋል፤ አዝማሪውም ተቀብሎ፣ ቃሉን በዜማው ልክ አሳጥሮ ወይም አስረዝሞ፣ ያዜመዋል። ስንኙ የተናጋሪው፣ አቀራረቡ የአዝማሪው ነው፤ ዜማው ግን ከሁለቱም በፊት የነበረ፣ ከአባት ወደ ልጅ የወረደ ነው። ሌሊቱ ሳይቀረጽ ካለፈ ያ ስንኝ በአዋጁ ዓይን እንዳልተፈጠረ ይቆጠራል። አንድ እንግዳ በስልኩ ቀርጾ በቲክቶክ ቢለቅቀው ደግሞ የአዝማሪውን መብት ይነካል፤ ያልተቀረጸ ክዋኔ እንዲቀረጽ የመፍቀድ መብት የከዋኙ ነውና። ግንባሩ ላይ በተለጠፈለት ብር ተሸልሞ የሚሄድ አዝማሪ ይህ መብት እንዳለው የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል።

በካሴትና በሲዲ ሽፋን ላይ «ዜማ፦ ሕዝብ» ብሎ መጻፍ የቆየና ቅን ልማድ ነው፤ ሆኖም የየትኛው አገር ሕዝብ እንደሆነ፣ ዜማውም ከማን አንደበት እንደተሰማ አይናገርም። ከዚህ የከፋው ከገጠር የተወሰደን ዜማ በኪቦርድ አጅቦ በራስ ስም ማስመዝገብ ነው፤ ይህ ዝርፊያ ነው፣ ሌላ ስም ሊሰጠውም አይገባም። ማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 872/2007 ሮያሊቲ፣ ማለትም ሥራው ለሕዝብ በቀረበ ቁጥር ለባለመብቱ የሚከፈል ገንዘብ፣ በጋራ አስተዳደር ማኅበራት በኩል እንዲሰበሰብ መንገድ ከከፈተ ወዲህ ደግሞ በመዝገብ ላይ የሰፈረ ስም የገንዘብ ጥያቄ ሆኗል። ስለሆነም ማኅበራቱ ነባር ዜማ ይዞ ለሚመጣ ሰው አዲስ የጨመረውን ግጥምና ቅንብር ብቻ በስሙ መዝግበው፣ በዜማው ቦታ አካባቢውን፣ ከተቻለም ዜማው የተሰማበትን አዝማሪ ስም ማስፈር፣ የዜማውን ድርሻ ደግሞ ለዚያ አካባቢ አዝማሪዎች ማቆየት ይገባቸዋል።