ደረጃውን ተዉትና ቀኑን ቁጠሩ

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት በወጣ ሰሞን ወረታ ላይ ቡና መጠጣት ይከብዳል። ሁሉም ስልኩ ላይ አቀርቅሮ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «የኛ ትምህርት ቤት ስንት አሳለፈ? ደብረ ታቦርስ?» ከዚያ ስድቡ ይጀመራል። መምህሩ ይሰደባል፣ ርዕሰ መምህሩ ይሰደባል፣ «የዘንድሮ ልጅ ሥራው ቲክቶክ ነው» ይባልና ሒሳብ ተከፍሎ ይኬዳል። ለከርሞም እንዲሁ።

እኔም ስሳደብ ኖሬአለሁ። አሁን ግን የምንጣላው በማይረባ ቁጥር እንደሆነ ገብቶኛል።

እስቲ እንየው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በተሰጠው በመጀመሪያው የ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ፈተና ከ896,520 ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 በመቶ። 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ልጅ አላሳለፉም። በ2015 ዓ.ም. እነዚህ ትምህርት ቤቶች 1,328 ደረሱ። ታዲያ ከጎረቤት ወረዳ በሁለት ልጅ በለጥን ማለት ምን ይረባል? ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ሲውጡት፣ የማን ቤት በስንዝር ከፍ እንዳለ መከራከር ነው።

ከላይ ስማቸው የሚጠራውስ? መርጠው የሚቀበሉ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ናቸው። ልጁ እዚያው ይበላል፣ እዚያው ያድራል፣ ያጠናል። የኛ ልጅ ግን መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ሩዝ እያረመ ነው። ኅዳር ላይ ያጭዳል፣ ይወቃል፤ ከዚያ የመስኖ ሽንኩርት ይጠብቀዋል።

የማውቀውን ነው የምናገረው። ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ኅዳርን ያሳለፍኩት ማሳ ላይ ነው። ስመለስ መምህሩ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ደርሷል። ሁለተኛውን ማንም አላስተማረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ሰኔ ላይ ግን አለፍኩ! ያኔ ጎበዝ ልጅ አጠገብህ ከተቀመጠ በቃ። ዛሬ «ድሮ እኮ ስም ነበረን» እያልን የምንናፍቀው ያንን ዘመን ነው።

ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ ጦርነቱ አለ። በአማራ ክልል ሚሊዮኖች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። ክፍሉ ተዘግቶበት የከረመን ልጅ አንድ ቀን ካልቀረበት ጋር በአንድ ሰንጠረዥ አሰልፎ ደረጃ ማውጣት ግፍ ነው።

«ሰበብ አበዛህ» ትሉኝ ይሆናል። አይደለም። እኔ የምለው፣ ልክ ለሩዙ እንደምንጠይቀው ለልጁም እንጠይቅለት ነው። ፎገራ ላይ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አለን። ምርት ሲቀንስ ማንም ሩዙን አይሰድብም፤ ዘሩ ምን ነበር፣ መቼ ተዘራ፣ ስንቴ ታረመ፣ ውሃው ስንት ቀን ተኛበት ተብሎ ይጠየቃል። ልጁ ሲወድቅ ግን «ሰነፍ» እንላለን።

ስለዚህ ጥያቄዬ አጭር ነው። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት በየወሩ በሩ ላይ ይለጥፍ፦ ስንት ቀን ተማሩ፣ ስንት ክፍለ ጊዜ ያለ መምህር አለፈ፣ ስንት ልጅ ቀረ። የትምህርት ካላንደሩም ከአጨዳው ጋር ይታረቅ፤ ለአጨዳ የተዘጋው ቀን በኋላ ይካካስ። ይኼ ሚኒስትር አያስፈልገውም፤ ወላጅና መምህር ተቀምጠው ሊጀምሩት ይችላሉ። ወላጅም የራሱን ይቁጠር፤ የቀረው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ያለው እኛው ማሳ ላይ ነውና።

ውጤት እስኪወጣ አትጠብቁ። ዛሬ ማታ ታናሽ ወንድማችሁን ጠይቁት፦ በዚህ ሳምንት ስንት ቀን ተማርክ?