ሀዲዱ ከመርዘሙ በፊት ባቡር ይጨመር



የቀላል ባቡሩ መስመር ከጦር ኃይሎች ተነሥቶ በቤተል በኩል ወደ አለም ባንክ ቢቀጠል ይበጀናል ወይስ አይበጀንም የሚለው ነገር በሰፈራችን ብዙ ጊዜ ይነሣል። ጧት ታክሲ ጥበቃ የተሰለፈ ሰው «ምነው ባቡሩ በመጣልን» ይላል። ቤቱ መንገድ ዳር የሆነበት ደግሞ «እኔን ሊያነሡኝ ነው» ብሎ ይሰጋል። ሁለቱም እውነት አላቸው። የኛ አስተያየት ግን እንዲህ ነው፦ ሀዲድ ይቀጠልልን ከማለታችን በፊት ባቡር ይጨመር ማለት አለብን።

በመጀመሪያ ያለውን እንወቅ። ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች ያለው መስመር 17 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከቃሊቲ ወደ ምኒልክ አደባባይ የሚሄደውም ወደ 17 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ሁለቱ መስመሮች ከልደታ እስከ ስታዲየም ባሉት አምስት ጣቢያዎች አንዱን ሀዲድ ይጋራሉ። ሥራ የጀመሩት በ2008 ዓ.ም. ነው። ግንባታው 475 ሚሊዮን ዶላር የፈጀ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 85 በመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነው። ለሁለቱም መስመሮች የተገዙት ባቡሮች 41 ናቸው። በኋላ ግን በመለዋወጫ እጦት ብዙዎቹ ቆመው የከረሙበት ጊዜ እንደነበረ በይፋ ተነግሯል።

እንግዲህ ሒሳቡን እንሥራው። አንድ ባቡር ከጦር ኃይሎች ተነሥቶ አያት ደርሶ እስኪመለስ ሁለት ሰዓት ይፈጅበታል እንበል። በመስመሩ ላይ 8 ባቡር ቢኖር በየ15 ደቂቃው አንድ ይመጣል ማለት ነው። መስመሩ ተቀጥሎ ደርሶ መልሱ ሁለት ሰዓት ተኩል ቢሆንስ? ያው 8 ባቡር በየ19 ደቂቃው ገደማ ነው የሚመጣው። እኛ ባቡር አገኘን ስንል፣ የልደታውም የመገናኛውም ሰው ጥበቃው ረዘመበት። እኛም ብንሆን ባቡሩን በራችን ላይ እያየን ረጅም ሰዓት እንቆማለን። ወደ 15 ደቂቃው ለመመለስ 10 ባቡር ያስፈልጋል። በተጨማሪም በጋራው ሀዲድ ላይ ስንት ባቡር ማለፍ እንደሚችል አብሮ መጠናት አለበት። ሀዲድ ብቻውን ሰው አይጭንም።

ሁለተኛው ነገር መሻገሪያ ነው። ባቡሩ መሐል ከተማ ላይ በድልድይ፣ ፒያሳ ምኒልክ አደባባይ አጠገብ ደግሞ ከመሬት በታች ይሄዳል። በድልድይና በዋሻ መሥራት ከፍ ያለ ገንዘብ ስለሚጠይቅ፣ ወደኛ ቢመጣ በአስፋልቱ መካከል በአጥር ታጥሮ የመምጣቱ ነገር የሚያመዝን ይመስለናል። አሁን ባለው መስመር ሀዲዱ በመንገዱ መካከል ባለፈበት ቦታ፣ ማዶ ለማዶ ሲጠራራ የኖረ ሰፈር ለሁለት ተከፍሏል። ሱቁ እዚያ፣ ጎረቤቱ እዚህ ሆኖ ቀረ። ልጆቻችን ወደ ትምህርት ቤት፣ እናቶች ወደ ጤና ጣቢያና ወደ ገበያ በየት ይሻገራሉ? ሬሳ ሲወጣ ዕድርተኛው በየት ያልፋል? ይህ ከተሠራ በኋላ የሚጠየቅ ጥያቄ አይደለም። ወረቀቱ ላይ ሲነደፍ ነው የሚጠየቀው።

ሦስተኛው የተነሺዎች ጉዳይ ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ሲል የግል ንብረት ሲወስድ ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ መክፈል እንዳለበት ይደነግጋል። አንቀጽ 43 ደግሞ ሕዝቡ የሚኖርበትን ማኅበረሰብ በሚመለከቱ ፕሮጀክቶች ላይ አስተያየቱን እንዲጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ስለዚህ ስንጠይቅ ልመና አይደለም። ነገር ግን ካሳ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ባለ ግቢው ብቻ ነው። በሰርቪስ ቤት ተከራይቶ የሚኖረውስ? በር ላይ ፓስቲ ጠብሳ ልጆች የምታሳድገዋ እናትስ? እነሱም የሰፈሩ ሰዎች ናቸው፤ ዕድር ላይ እኩል ይቀመጣሉ። የነሱም ነገር በጥናቱ ውስጥ በስም ተለይቶ መግባት አለበት።

አንዳንድ ወንድሞቻችን «ዝም በሉ፣ ቅድመ ሁኔታ ካበዛችሁ መስመሩ ወደ ሌላ ሰፈር ይዞራል» ይላሉ። ሥጋታቸው ይገባናል፤ የታክሲው ሰልፍ ሁላችንንም አስመርሮናል። ሆኖም የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነው። የሚመጣው ባቡር ለአንድ ክረምት አይደለም፤ ለልጅ ልጅ የሚቀር ሥራ ነው፤ ዕዳውም እንደዚያው። ሀዲድ ከተዘረጋ በኋላ ብንጮህ ደግሞ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆንብናል።

ባጭሩ ማኅበራችን የመስመሩን መቀጠል አይቃወምም፤ ይደግፋል። ለማስቀጠል ጥናት ከተነሣ ግን በጽሑፍ መልስ እንዲሰጠን የምንጠይቃቸው ነገሮች እነዚህ ናቸው፦

1ኛ/ ለተጨማሪው መንገድ ስንት ባቡር ይጨመራል፤ የመለዋወጫው ገንዘብስ በየዓመቱ ከየት ይመጣል?

2ኛ/ ጣቢያዎቹና የእግረኛ መሻገሪያዎቹ የት የት ይሆናሉ?

3ኛ/ ተነሺው፣ ተከራዩና አነስተኛ ነጋዴው ምን ይደረግላቸዋል፤ መቼስ ይነገራቸዋል?

ጥያቄዎቹን ማኅበሩ በአንድ ደብዳቤ አድርጎ ለወረዳው ያቀርባል። ከዚያ በፊት የቀረ ነገር ካለ፣ የምትቃወሙትም ካለ፣ በጽሑፍም በቃልም ለጽሕፈት ቤታችን ንገሩን። መጻፍ የማይችሉ አባቶችና እናቶች ሲነግሩን እኛ እንጽፍላቸዋለን። አንድ ሰው ብቻውን ቢሄድ «ነገ ና» ይባላል። ሰፈር ሆነን ከሄድን ግን ይሰሙናል።

የማኅበሩ ጸሐፊ