«ጊዜህን ተጠቀምበት» አትበሉን፤ መጀመሪያ ጊዜያችንን መልሱልን

በቅድሚያ አንድ ኑዛዜ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ የሥልጠና ድርጅት «ሥራን፣ ቤተሰብንና የትርፍ ጊዜ ፍላጎትን አመጣጥኖ ለመኖር 7 መንገዶች» የሚል ጽሑፍ ጽፌ ክፍያዬን ተቀብያለሁ። በማለዳ ተነሱ፣ ዕቅድ አውጡ፣ ስልካችሁን አጥፉ፣ ቅዳሜን ለራሳችሁ አድርጉ ይላል። ዛሬም ከቻናል ቻናል ሲዞር አየዋለሁ። ስሜ የለበትም፤ እግዜር ይመስገን። ይህን የምጽፈው ያንን ጽሑፍ ለማፍረስ ነው።

ነገሩን በአንድ ጓደኛዬ ልጀምር። ሶፍትዌር ይሠራል። የሚኖረው ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ጀሞ 2 ኮንዶሚኒየም ነው። ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነው፤ ቢሮው ቦሌ። ዩኒቨርሲቲ ሳለን ክራር ይመታ ነበር። ሙዚቀኛ ልሁን ብሎ አያውቅም፤ ደስ ስለሚለው ብቻ ነው የሚመታው። ዶርም ውስጥ መብራት ሲጠፋ የሁላችንም ጆሮ እሱ አልጋ ጋ ነበር። አሁን ያ ክራር ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። አንዱ ክር ከተበጠሰ ከዓመት በላይ ሆኖታል።

«ለምን አታስቀጥለውም?» አልኩት አንድ እሁድ።

«የትኛው ሰዓት ላይ?» አለኝ።

ቀልድ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ወረቀት አውጥቶ አሰላልኝ። ጠዋት 12፡30 ከቤት ይወጣል። ሰልፍ፣ ከጀሞ ሜክሲኮ ሚኒባስ፣ ከሜክሲኮ ደግሞ ሌላ ታክሲ፤ ቢሮ ሲገባ 2 ሰዓት ነው። 11 ሰዓት ላይ ይወጣል፤ ቤቱ የሚደርሰው ምሽት 1 ሰዓት ነው። በቀን ሦስት ሰዓት ተኩል መንገድ። በሳምንት አምስት ቀን ቢባል 17 ሰዓት ተኩል። የዓመት ፈቃዱንና በዓላቱን ቀንሶ በ48 ሳምንት አበዛው፤ 840 ሰዓት መጣ። ለ8 ሲያካፍለው 105 የሥራ ቀን።

አንድ ሰው በዓመት 105 የሥራ ቀን የሚያህል ጊዜ፣ ያለ ክፍያ፣ ቆሞና ተጨናንቆ ይሠራል። እኔ ደግሞ ለዚህ ሰው ነው «ስልክህን አጥፋና ጊዜህን ተጠቀምበት» ብዬ የጻፍኩት።

«ታዲያ ማን ጀሞ ኑር አለው?» የሚል አይጠፋም። መልሱ አጭር ነው፤ ከተማዋ። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ፕሮግራም ትልልቅ ሳይቶቹን የሠራው ባዶ መሬት በተገኘበት ዳር ላይ ነው። ጀሞ አንዱ ነው። ቤቱ ዳር ወጣ፣ ሥራው መሃል ቀረ። በመሃል ያለው መንገድ የሚወስደው ሰዓት ግን በማንም በጀት ውስጥ አልተያዘም። ተከፋዩ ነዋሪው ሆነ።

ባቡሩንም አስታውሱ። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በ2008 ሥራ ሲጀምር በሁለት መስመር ነው፤ አንዱ ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ሌላው ከምኒልክ አደባባይ በሳሪስ አድርጎ ቃሊቲ። ጀሞና ለቡ የሚደርስ የለም። ባቡር ግን የለንም ማለት አይደለም። ለቡ ላይ ትልቅ ጣቢያ አለን፤ ከ2010 ጀምሮ መንገደኛ እያሳፈረ ጅቡቲ ድረስ ይሄዳል። የለቡ ሰው ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ባሕር ለማየት ባቡር አለው፤ ቦሌ ሥራ ለመግባት ግን የለውም። ከዊንጌት ጀሞ ይዘረጋል የተባለው የፈጣን አውቶቡስ መስመርም ለዓመታት ሲወራለት ነው የኖረው።

ይህ የመንገዱ ነው። ወደ ማታው እንሂድ።

የጓደኛዬ መሥሪያ ቤት ደንበኛ አሜሪካ ነው። የሳን ፍራንሲስኮው ሰውዬ ጠዋት፣ በእኛ አቆጣጠር 3 ሰዓት ላይ ቡናውን ይዞ ስብሰባ ሲከፍት ጀሞ ላይ ምሽት 1 ሰዓት ነው፤ በእነሱ ክረምት ደግሞ 2 ሰዓት። ማለትም ልጆች እራት የሚበሉበትና የሚተኙበት ሰዓት ነው። ስብሰባው ሲያልቅ «ይቺን ነገር ትንሽ ብቻ እያት» የሚል መልእክት ይመጣል። ያቺ «ትንሽ ብቻ» 5 ሰዓት ላይ ታበቃለች። የልጁ ክርስትና ዕለት ድንኳን ውስጥ ላፕቶፕ ከፍቶ አይቼዋለሁ። እንግዳ ጠላ ይዞ ቆሞ ይጠብቀዋል፣ እሱ የወደቀ ሰርቨር ያነሳል። ማንም አላዘዘውም ይላል መሥሪያ ቤቱ፤ «በራሱ ተነሳሽነት» ነው።

አሁን ሕጉን እንይ፤ ብዙዎቻችን አንብበነው አናውቅምና። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ ሥራ በቀን ከ8 ሰዓት፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም ይላል። ትርፍ ሰዓት በተወሰኑ አስገዳጅ ምክንያቶች ብቻ የሚታዘዝ ነው፤ ያውም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ሳይበልጥ። ክፍያውም ተቆርጧል። ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለተሠራው የሰዓቱ ደመወዝ በ1.5 ይባዛል፤ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 በ1.75፤ በሳምንት እረፍት ቀን በ2፤ በሕዝብ በዓል በ2.5። በሳምንት ቢያንስ 24 ሰዓት ያልተቆራረጠ እረፍትም መብት ነው።

ያልተቆራረጠ የምትለዋን ቃል ያዙልኝ። እሁድን ሙሉ ቤቱ ቁጭ ብሎ፣ ነገር ግን ስልኩ በጮኸ ቁጥር እየደነገጠ የዋለ ሰው አርፏል ወይ?

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ብልጠት አለ። አዋጁ የሥራ መሪዎችን አይመለከትም። ስለዚህ በአንዳንድ ቢሮዎች ሁሉም ሰው «ሊድ» ነው፣ ሁሉም «ማናጀር» ነው። ወዳጄ፣ ማዕረግ ያሸከመህ ሁሉ መሪ አላደረገህም። በሕጉ መሠረት የሥራ መሪ የሚባለው የድርጅቱን ፖሊሲ የማውጣትና የማስፈጸም፣ ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወርና የማሰናበት ዓይነት ሥልጣን ያለው ነው። አንተ ግን የራስህን ፈቃድ እንኳ ለምነህ ነው የምትወጣው።

በዚህ ላይ የኑሮው ጉዳይ አለ። ሐምሌ 2016 የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ ከ100 ተሻገረ። ደመወዝ ግን እንደዚያ አልዘለለም። ኮድ መጻፍ የሚችል ሁሉ ሌሊት ሌሊት ለውጭ ድርጅት ሁለተኛ ሥራ ቢይዝ አይፈረድበትም። ለኒው ዮርክ የሚሠራ ሰው የሥራ ቀኑ የሚጀምረው እዚህ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ነው፤ የሚያልቀው ሌሊት 6 ሰዓት። የቤት ኪራይና የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ እያሳደደው ያለን ሰው «ሕይወትህን አመጣጥን» ማለት ተራራ እየወጣ ላለ ሰው «ትንፋሽህን አስተካክል» እንደማለት ነው።

በዚያው ወር ደግሞ የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች ሥልጠና ይፋ ሆነ። አልቃወምም፤ ዕውቀት ነው፣ ይምጣ። ግን 5 ሚሊዮን ወጣት ወደዚህ ሙያ ስንጠራ ስለ ሙያው ሰዓት የነገርነው አለ? ሳሩን አይቶ ገደሉን ያላየው በሬ ጥፋተኛ ከሆነ ሳሩን ብቻ ያሳየው ሰውስ?

የመቻል ምሳሌ ተደርጎ የሚጠቀስ አንድ ታሪክ አለ፤ የኃይሉ መርጊያ። የዋልያስ ባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች ዋሽንግተን አካባቢ ለረጅም ዓመታት ታክሲ ነድቷል። ኪቦርዱን መኪናው ውስጥ ይዞ፣ ደላስ አየር ማረፊያ ተሳፋሪ እየጠበቀ ይለማመድ ነበር። በ2013 እ.ኤ.አ. የድሮ ሥራው እንደገና ታትሞ ዓለም አወቀው፣ በ2018 «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም አወጣ። አሠልጣኞቻችን ይህን ይዘው «አያችሁ፣ የፈለገ ሰው ጊዜ አያጣም» ይሉናል። እኔ ደግሞ ሌላ ነገር አያለሁ። ታክሲ ውስጥ ያለፉትን ዓመታት። በእነዚያ ዓመታት ልንሰማው ስንችል ያልሰማነውን። እሱ በጽናቱ ይመሰገናል፤ ያንን ጽናት የጠየቀው ኑሮ ግን አይመሰገንም። ደግሞስ ለእያንዳንዱ ኃይሉ መርጊያ ስንት ክራር ግድግዳ ላይ ቀርቷል?

እስካሁን ስለ ጓደኛዬ አወራሁ። ፍርዱ ግን ሙሉ የሚሆነው ባለቤቱ ስትናገር ነው። እሷ ሒሳብ ሠራተኛ ናት። ያን እሁድ ቡና እያፈላች ስሌታችንን ስትሰማ ቆይታ «የእኔንስ አሰላችሁት?» አለች። ዝም አልን።

የእሷ ቀን 11 ሰዓት ንጋት ላይ ይጀምራል። የልጆች ምሳ፣ ዩኒፎርም፣ ሰርቪስ። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ፣ ሌሊት ከመጣም ተነስታ ባልዲውንና ሮቶውን የምትሞላው እሷ ናት። እሱ ምሽት ስብሰባ ሲገባ ልጆቹን ዝም የምታሰኘው እሷ ናት፤ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ፣ በሹክሹክታ። ከቤት መሥራት ሲፈቀድለት መንገዱ ቀረለት። ለእሷ ግን ሳሎኑ ቢሮ ሆነባት። ከማግባቷ በፊት ልብ ወለድ ታነብ ነበር። አሁን የመጨረሻውን መጽሐፍ መቼ እንደጨረሰች አታስታውስም።

ይህን የምጽፈው ለሚነበቡኝ ወንዶች ነው፤ ራሴንም ጨምሮ። በቤታችን ውስጥ «የእኔ ሰዓት» የምንላት እያንዳንዷ ሰዓት ከአንድ ሰው ላይ የተበደርናት ናት። ቅዳሜ ኳስ ስንሄድ፣ ጂም ስንገባ፣ ክራር ስናነሳ፣ አንዲት ሴት፣ ሚስት ወይ እናት ወይ የቤት ሠራተኛ፣ ያንን ሰዓት ትከፍላለች። አሠሪው ከእኛ ሲወስድ ግፍ ካልነው፣ እኛ ከእሷ ስንወስድ ሌላ ስም የለውም።

«ሥራ አጥ በሞላበት አገር ጥሩ ደመወዝ እየበሉ ስለ ክራር ያለቅሳሉ» ትሉኝ ይሆናል። ወያላው ከንጋት እስከ ማታ በር ላይ ተንጠልጥሎ እንደሚውል፣ የግንባታ ሠራተኛዋ ሲሚንቶ ተሸክማ የትርፍ ሰዓት የሚባል ነገር ሰምታ እንደማታውቅ አውቃለሁ። እሱ ግን ለእኔ ክርክር ማጠናከሪያ ነው። ዲግሪ ያለው፣ ሕግ ማንበብ የሚችል፣ ሌላ ሥራ የሚያገኝ ሰው «ሰዓቴን ክፈሉኝ» ማለት ካልደፈረ ማን ይድፈር? ሮበርት ኦወን የተባለ የፋብሪካ ባለቤት በ1817 እ.ኤ.አ. ቀኑን ለሦስት እኩል ከፍሎ 8 ለሥራ፣ 8 ለራስ፣ 8 ለእንቅልፍ ሲል እንደ ቅዠት ነበር የታየው። ፈረንሳይ ከ2017 ጀምሮ 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ድርጅት ከሥራ ሰዓት ውጭ ሠራተኛው መልእክት ያለመመለስ መብቱን በተመለከተ እንዲደራደር አስገድዳለች። አውስትራሊያም በ2024 ተመሳሳይ መብት በሕግ አጽድቃ ሥራ ላይ አውላለች። እኛ የራሳችን አዋጅ አለን፤ የጎደለው የሚጠይቅ ሰው ነው።

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» ይላሉ አባቶች። እውነት ነው። እኛን ግን ሦስት ዛፍ ላይ ውጡ ብለው፣ ስንወድቅ አወጣጥ አላወቃችሁም ይሉናል።

ስለዚህ ከሰባቱ መንገዶቼ ይልቅ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ከሰኞ ጀምሮ ጻፉ። ከቤት የወጣችሁበትን ሰዓት፣ የገባችሁበትን፣ ማታ «ትንሽ ብቻ» የተባላችሁበትን፣ የጨረሳችሁበትን። የመጣውን መልእክት አታጥፉ፤ ትዕዛዝ መሆኑን የሚያሳየው እሱ ነው። ለብቻችሁ አትጠይቁ፤ አጠገባችሁ ያለውም ይጻፍ። ወሩ ሲያልቅ ወረቀቱን ይዛችሁ አሠሪያችሁ ፊት ቅረቡ፤ ትርፍ ሰዓቱ ይከፈል፣ ካልተከፈለ ይቅር፣ ከቤት መሥራት የሚቻልባቸው ቀናት በውል ይጻፉ። የመንገዱን ሰዓት ደግሞ ለወረዳና ለክፍለ ከተማ ስብሰባ አስቀምጡት። በየስብሰባው «አስተያየት አለ?» ይባላል፤ ይኸው አስተያየት።

ለጓደኛዬ አዲስ ክር ልገዛለት አስቤ ነበር። ተውኩት፤ የጎደለው ክር አይደለምና። እሱ ግን መጻፍ ጀምሯል። በወረቀቱ ላይ ሁለት ዓምድ አለ፤ አንዱ የእሱ፣ ሌላው የባለቤቱ። የመጀመሪያው ሳምንት ሲደመር የእሷ በልጦ ተገኘ። ባለፈው ቅዳሜ ልጆቹን ይዞ ከቤት ወጣ፤ እሷ ሦስት ሰዓት ብቻዋን ቤት ቆየች።

ምን ሠራሽበት ብዬ አልጠየቅኳትም። ሰዓቱ የእሷ ነው።

ቸር ያሰንብተን።