ረጅም ሰንሰለት ለለስላሳ ምድር

ከጅቡቲ ከተማ፣ ስሙ በፈረንሳይኛ «የእባብ አምባ» ማለት ከሆነው ከፕላቶ ዱ ሰርፓን ሰፈር፣ ከአንዲት እናት የተጻፈ ደብዳቤ ለዚህ አምድ ደርሷል። ወንድማቸው በጋላፊ መንገድ የሚመላለሱ የጭነት መኪና ሹፌር ሲሆኑ፣ የወንድማቸው ልጅ ደግሞ በሠራዊቱ ውስጥ የሚያገለግል በመሆኑ ጋዜጣችን ከቤታቸው አይጠፋም። የእናት ጥያቄ ግን ስለ ጭነት መኪና አይደለም። በካናዳ ሰሜናዊ ክፍል የሚኖረው ልጃቸው ያገለገለ የበረዶ ሞተር ገዝቶ፣ አሁን ደግሞ የሞተሩን የጎማ ሰንሰለት አውልቆ በረዘመ ሰንሰለት ሊተካው ማሰቡን ከፎቶግራፍ ጋር ጽፎላቸዋል። አጎቱ ፎቶግራፉን አይተው «የረዘመ ይሻላል፤ ተዪው» ብለዋል። እናት ግን ልባቸው አላረፈም። «አጭሩ ምን አጠፋ? ቢረዝምስ ምን ይጠቅማል? ከረዘመ በኋላ ልጄን የት ሊያደርሰው ነው?» ሲሉ ይጠይቁናል።

ሦስተኛው ጥያቄ ከሦስቱ የሚበልጠው ነው። ወደ እርሱ ለመድረስ ግን በሁለቱ በኩል ማለፍ ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ ስለ በረዶ ጥቂት እንበል። በአማርኛችን ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚወርደውንም፣ በማቀዝቀዣ ውስጥ የሚረጋውንም፣ በቀዝቃዛ አገር እንደ ባዘቶ እየተንሳፈፈ የሚወርደውንም በአንድ ቃል «በረዶ» ስለምንል፣ ብዙዎቻችን በረዶን ጠንካራ ነገር አድርገን እናስበዋለን። አዲስ የወረደ በረዶ ግን ከመጠኑ አብዛኛው አየር ነው። እንደ ድንጋይ አይሸከምም፤ እንደ ተነፋ ዱቄት ይሰምጣል እንጂ። ሰው ቢረግጠው እስከ ጉልበቱ፣ አንዳንዴም እስከ ጭኑ ይውጠዋል። ስለዚህ የበረዶ ሞተር ፈተናው ብርድ ሳይሆን የምድሩ መልፈስፈስ ነው፤ ይህን ደግሞ በጅቡቲ አሸዋ ላይ የነዳ ሹፌር ሁሉ ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል።

በለስላሳ ምድር ላይ የሚያሰጥመው ክብደት ብቻውን አይደለም። ክብደቱ የሚያርፍበት ስፋት ማነስ ነው። አህያ በአሸዋ ውስጥ ስትቸገር፣ ከእርስዋ እጅግ የሚከብደው ግመል ከአሳል ጨው ጭኖ የሚያልፈው፣ መዳፉ ሲረግጥ ሰፋ ብሎ ስለሚዘረጋ ነው። ከፕላቶው ብዙ ሳይርቅ በሚገኘው አሮጌ የምድር ባቡር ጣቢያ በኩል ያለፈ ሰውም ይህንኑ ሕግ በብረት ተጽፎ ያየዋል፤ ከሐዲዱ ሥር የተደረደሩት አግዳሚዎች ሥራቸው የባቡሩን ክብደት ተቀብለው ለሰፊ ምድር ማከፋፈል ነው።

አሁን ይህን በቁጥር እንየው። የበረዶው ሞተርና ነጂው በአንድነት 300 ኪሎ ይመዝናሉ እንበል። ሰንሰለቱ 38 ሳንቲ ሜትር ስፋት ኖሮት፣ ምድር የሚነካው ክፍል ደግሞ 120 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ቢኖረው፣ ከፊት ያሉት ሸርተቴዎች የሚሸከሙትን ለጊዜው ትተን፣ በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ የሚያርፈው 66 ግራም ያህል ነው። ርዝመቱ በ19 ሳንቲ ሜትር ቢጨምር ይህ ጫና ወደ 57 ግራም ይወርዳል። 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሁለት እግሩን ገጥሞ ሲቆም ግን በጫማው ሥር በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር 160 ግራም ገደማ ይጫናል፤ ሲራመድ፣ በአንድ እግሩ ስለሚቆም፣ እጥፉ ይሆናል። ስለዚህ ያ ሁሉ ብረት ከተሸከመው ሰው ይልቅ በበረዶው ላይ ይቀልላል ማለት ነው። እናታችን ይህን ቁጥር ይያዙልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

የዚህ መሣሪያ ታሪክ ከቤተሰብ ሐዘን ጋር የተያያዘ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። በካናዳ በኬቤክ ክፍለ ሀገር ቫልኩር በምትባል ትንሽ ከተማ ዦዜፍ አርማን ቦምባርዲዬ የሚባል ወጣት መካኒክ ነበር። በ1934 እ.ኤ.አ. ክረምት የሁለት ዓመት ልጁ በጠና ታመመ። መንገዱ ሁሉ በበረዶ ተዘግቶ ስለነበረ ሕፃኑን ወደ ሆስፒታል ማድረስ ሳይቻል ቀረና ልጁ ሞተ። ቦምባርዲዬ በበረዶ ላይ የሚሄድ ተሽከርካሪ ለመሥራት ከዚያ በፊትም ይሞክር ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ሥራውን በበለጠ ቁርጠኝነት ገፋበት። በ1937 እ.ኤ.አ. ለጥርሳም መዘውሩና ለሰንሰለቱ የፈጠራ መብት አገኘ፤ ሰባት ሰው የሚጭኑ የበረዶ መኪናዎችንም ሠራ። ዛሬ የምናውቀው፣ አንድ ወይም ሁለት ሰው እንደ ሞተር ብስክሌት ተፈናጦ የሚሄድበት ትንሹ መሣሪያ፣ ስኪዱ ተብሎ ለገበያ የቀረበው በ1959 እ.ኤ.አ. ነው።

ከእርሱም በፊት አዶልፍ ኬግሬስ የተባለ ፈረንሳዊ ባለሙያ ነበር። በሩሲያው ንጉሠ ነገሥት በዳግማዊ ኒኮላይ ጋራዥ ሲሠራ፣ የንጉሡ አውቶሞቢሎች በበረዶ ላይ እንዲሄዱ በኋላ እግራቸው ላይ የጎማ ሰንሰለት ገጠመላቸው። ከ1917ቱ አብዮት በኋላ ወደ አገሩ ተመልሶ ፈጠራውን ለሲትሮኤን ኩባንያ አቀረበ። ለበረዶ የታሰበው ይህ ሰንሰለት በታኅሣሥ 1922 እ.ኤ.አ. ከአልጄሪያ ቱጉርት ተነሥቶ በጥር 1923 መጀመሪያ ቲምቡክቱ ገባ፤ ሰሃራን በአውቶሞቢል በማቋረጥም የመጀመሪያው ሆነ። በረዶና አሸዋ የአንድ ችግር ሁለት ቀለም መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አላገኘንም።

ወደ ልጃቸው ሥራ እንምጣ። በፎቶግራፉ ላይ የሚታየው ለተጠቀጠቀ መንገድ የተሠራ ዓይነት ነው። የእነዚህ ሰንሰለት ዙሪያውን ሲለካ በተለምዶ 121 ኢንች፣ ማለት 307 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ልጁ ሊገጥመው ያሰበው 136 ኢንች ነው። ልዩነቱ 15 ኢንች ቢሆንም መሣሪያው በ15 ኢንች አይረዝምም፤ ሰንሰለቱ ከላይም ከታችም ስለሚዞር፣ ወደ ኋላ የሚገፋው የዚያ ግማሽ፣ ሰባት ኢንች ተኩል፣ ወይም 19 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ብዙ ጀማሪ መካኒክ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ሰንሰለቱ ከመገዛቱ በፊት የሚጣራው አንደኛ ነገር በውስጡ ባሉት ጥርሶች መካከል ያለው ርቀት ነው። ርቀቱ 2.52 ኢንች ከሆነ፣ በአጭሩ ላይ 48 ክፍል፣ በረጅሙ ላይ 54 ክፍል ይገኛል፤ የሚያሽከረክረው መዘውርም ሳይለወጥ ያገለግላል። ርቀቱ ከተለየ ግን መዘውሩም አብሮ መለወጥ አለበት። አለበለዚያ ጥርስ ከጥርስ ሳይገጥም እየዘለለ ሰንሰለቱን ይበላዋል። ቀጥሎ ሰንሰለቱ የሚንሸራተትባቸው ሁለቱ ሐዲዶች መርዘም አለባቸው። ይህም በቡሎን በሚታሰር ቅጥያ ወይም ሐዲዶቹን ጨርሶ በረጃጅሞች በመተካት ይሆናል። ቅጥያ ርካሽ ነው። ነገር ግን ሸክሙ ሁሉ በመገጣጠሚያው ላይ ስለሚያርፍ፣ ሥራው ከባድ ለሆነ ሰው ሙሉውን ሐዲድ መተካት ይሻላል ብለን እናምናለን። በተጨመረው ርዝመት መካከል ሰንሰለቱን ደግፈው የሚይዙ ትናንሽ መንኰራኵሮችም ይጨመራሉ። ከሰንሰለቱ በላይ ያለው የቆርቆሮ ሽፋን ካጠረ እርሱም ይቀጠላል። አዲሱ ሰንሰለት ከፍ ያሉ የጎማ መቅዘፊያዎች ካሉት ደግሞ ሽፋኑንና የማቀዝቀዣውን ቧንቧ እንዳይመታ ክፍተቱ በእጅ እየተዞረ ይለካል። ሞተር አስነሥቶ መለካት አይገባም።

እንግዲህ አጭሩ ምን አጠፋ? በተጠቀጠቀ መንገድ ላይ ምንም አላጠፋም። በዚያ ላይ አጭሩ ይበልጣል። ረጅሙ ምድሩን በብዛት ስለሚጨብጥ መታጠፍን ይቃወማል፤ ነጂው መሪውን ሲያዞር መሣሪያው ቀጥ ብሎ መሄድ ይወዳል። ሰንሰለቱ ስለሚከብድ ከሞተሩ ጉልበት ይሰርቃል። ስለዚህም የካቴናውን ጥርሶች ቁጥር ቀይሮ ማርሹን ማክበድና ፍሪሲዮኑን እንደገና ማስተካከል ያስፈልጋል፤ ከፍተኛው ፍጥነትም ይቀንሳል። ከሐዲዶቹ ሥር የተለበጠው ፕላስቲክ የሚቀዘቅዘውና የሚለሰልሰው በበረዶው ራሱ ስለሆነ፣ በደረቅ ግግር ላይ ሲነዳ ግሎ ይቀልጣል። ለስላሳው ምድር የሚመርቀውን ጠንካራው ምድር ያስከፍላል።

የወንድማቸውን ነገር እዚህ ላይ እናንሣ፤ ምክንያቱም እሳቸው ይህን ሒሳብ በራሳቸው ሙያ ያውቁታል። ሹፌር አሸዋ ሲገጥመው የጎማውን አየር ይቀንሳል። አየሩ የቀነሰ ጎማ ወደ ጎን ይሰፋል ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው፤ እውነቱ ግን ምድር የሚነካው ክፍል በይበልጥ የሚጨምረው በርዝመቱ ነው። ሹፌሩ ሳያውቀው የራሱን ሰንሰለት አስረዝሟል ማለት ነው። አስፋልት ሲደርስ ደግሞ አየሩን ሳይሞላ መቀጠል የለበትም፤ የላላው ጎማ እየተጣጠፈ ይግላል፤ የጋለ ጎማ በጭነት ላይ ሲፈነዳ ደግሞ ጣጣው ለሹፌሩ ብቻ አይደለም። የጎማ ርዝመት በአንድ መንፊያ ይመለሳል። የበረዶ ሞተር ሰንሰለት ግን አንዴ ከረዘመ ክረምቱን ሁሉ ረጅም ነው። ስለዚህ «የረዘመ ይሻላል» የሚለው የወንድማቸው ቃል ግማሹ እውነት ነው። ልጁ አብዛኛውን ቀን በተጠቀጠቀ መንገድ የሚመላለስ ከሆነ ገንዘቡን ይቆጥብ። መንገድ ባልወጣለት ጫካ፣ ጥልቅ በረዶ ላይ የሚውል ከሆነ ደግሞ 136ቱ ለሥራው ይስማማል፤ ሁለቱንም ለሚያደርግ ሰው የማይበዛ፣ የማያንስ ርዝመት ነው።

ወደ ሦስተኛው ጥያቄ ደረስን። «የት ሊያደርሰው ነው?» አጭሩ ሰንሰለት ጥልቅ በረዶ ሲገባ ቶሎ ይሰምጣል፤ የሚሰምጠውም ከመንገዱ ጥቂት እርምጃ ላይ ነው። ረጅሙ ግን እንደ አጭሩ ቶሎ አይሰምጥም፤ ወደ ሩቅ ይወስዳል። እዚያ ሩቅ ቦታ ሞተሩ ቢጠፋ፣ ነጂው ሲወርድ ምን ይሆናል? ቀደም ብለን ያልነውን ቁጥር ያስታውሱ። መሣሪያው በ57 ግራም የተንሳፈፈበት በረዶ፣ በሚራመድ ሰው እግር ሥር ከ300 ግራም በላይ ይጫንበታል። በአንድ ሰዓት የተጓዘውን መንገድ በእግሩ ሊመለስ አይችልም። የሚያሰጋውም ይህ እንጂ ሰንሰለቱ ተበጥሶ ይጎዳዋል የሚለው አይደለም።

ስለዚህ ለሞተሩ የጨመረውን ርዝመት ለእግሩም ይጨምር። በቀዝቃዛው አገር ሰፊ ወንፊት የመሰለ የበረዶ ጫማ አለ፤ እግርን ልክ እንደ ግመል መዳፍ ያሰፋል። ሁለት ከመቀመጫው ኋላ ታስረው ይሂዱ። ብቻውን አይውጣ። የሚሄድበትንና የሚመለስበትን ሰዓት ለሚቀር ሰው ተናግሮ ይሂድ፤ ነዳጁ ከመጋመሱ በፊትም ፊቱን ወደ ቤቱ ያዙር። አገሩ ተራራማ ከሆነ ሌላ ነገር አለ። የበረዶ ናዳ በአብዛኛው የሚነሣው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ በሚያዘነብል ገደል ላይ ነው፤ ረጅም ሰንሰለት የገጠመ ሰው ደግሞ አጭሩ ፈጽሞ የማያወጣው ዳገት ላይ ይወጣል። በናዳ የተቀበረ ሰው የመትረፍ ዕድሉ ከሩብ ሰዓት በኋላ በፍጥነት ስለሚቀንስ፣ አዳኙ ከከተማ የሚመጣ ሐኪም ሳይሆን አጠገቡ ያለው ጓደኛው ነው። ሁለቱም የሬዲዮ ምልክት ማስተላለፊያ፣ መፈለጊያ ዘንግና አካፋ ይያዙ። አካፋው በሞተሩ ላይ ሳይሆን በጀርባቸው ይሁን፤ ሞተሩም አብሮ ሊቀበር ይችላልና።

እናታችን ለልጅዎ ሲጽፉ «አትግጠም» ብለው እንዲከለክሉት አንመክርም። የሚውልበት ምድር ምን ዓይነት እንደሆነ፣ የሰንሰለቱ ጥርስ ርቀት ስንት ኢንች እንደሆነ፣ ከማን ጋር እንደሚወጣም ይጠይቁት። ገጥሞት ከሆነም፣ አዲስ ሰንሰለት በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ስለሚላላ፣ ውጥረቱንና በግራና በቀኝ እኩል መሆኑን ቶሎ ቶሎ ይመልከት። መልሱን በወንድምዎ ልጅ በኩል ቢልኩልን በዚሁ አምድ እናወጣዋለን። በሚቀጥለው ሳምንት፣ ከድሬዳዋ አንድ አንባቢያችን የጠየቁትን፣ በሙቀት አገር የመኪና ባትሪ ውኃ ለምን ቶሎ እንደሚያልቅ እንመለከታለን።