የመንገድ ምክርና የመንግሥት ደንብ

መንግሥት ለሕዝብ የሚናገረው ቃል ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው ትእዛዝ ነው፤ እርሱን የተላለፈ ሰው በዳኛ ፊት ቀርቦ ይቀጣል። ሁለተኛው ምክር ነው፤ እርሱን ያልሰማ ሰው ጉዳቱ በራሱ ላይ ይሆናል እንጂ በምክሩ ምክንያት ብቻ አይከሰስም። ይህ ልዩነት ለተማረ ሰው የተሰወረ አይደለም፤ ዳሩ ግን በሥራ ላይ በሚውልበት ጊዜ ወሰኑ የት ላይ እንደ ሆነ ለመለየት ብዙ ክርክር ያስነሣል። በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ግዛት ስለ ሞተር ቢስክሌት ነጂዎች የተነሣው ክርክር ለዚህ የተገለጠ ምሳሌ ስለ ሆነ፥ የመንግሥት ሥራ የያዙ ሰዎች ሊያስተውሉት የሚገባ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት የዚያ አገር ዓመቶች እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ነገሩ እንዲህ ነው። በሎስ አንጀለስና በሳን ፍራንሲስኮ ዙሪያ ያሉት ሰፋፊ ጐዳናዎች ሠራተኛው ወደ ሥራው በሚሄድበትና በሚመለስበት ሰዓት በመኪና ይሞላሉ። መኪናዎቹ በየመስመራቸው ተሰልፈው ቀስ እያሉ ሲጓዙ፥ ሞተር ቢስክሌት የያዘው ሰው ግን በሁለቱ ሰልፍ መካከል ባለው ጠባብ ክፍት ቦታ እየሾለከ ወደ ፊት ያልፋል። የመኪናው ነጂ ይህን ሲያይ ተራውን እንደ ተነጠቀ ቈጥሮ ይቈጣል፤ በመስተዋቱ አጠገብ ድንገት ሲያልፍበትም ይደነግጣል። በሎስ አንጀለስ ከተማ የሚኖሩት ኢትዮጵያውያን ነጂዎችም ለዚህ ነገር እንግዳ አይደሉም።

ባለ ሞተሩ በበኩሉ የሚያቀርበው ምክንያት አለው። ከሰልፉ ጋራ ቆሞ ሲጠብቅ፥ ከኋላው የሚመጣው መኪና ፍሬኑን ጥቂት ቢያዘገይ በሁለት ብረት መካከል የሚጨፈለቀው እርሱ ነው። በመኪና ውስጥ የተቀመጠው ሰው የመኪናው አካል ተጣሞ እርሱ ሊድን ይችላል፤ የሞተር ቢስክሌት ነጂ ግን ከልብሱና ከራስ ቍሩ በቀር የሚጋርደው ነገር የለም። ከዚህም በላይ አንዳንዱ ሞተር የሚቀዘቅዘው ነፋስ ሲያገኘው ብቻ ስለ ሆነ፥ በፀሐይ ላይ ብዙ ጊዜ ቆሞ መጠበቅ ሞተሩን እጅግ ያግለዋል።

ይህን አካሄድ የካሊፎርኒያ ሕግ ለብዙ ዘመን አልከለከለውም፤ በግልጥ ቃልም አልፈቀደውም። ሕጉ ዝም ስላለ ፖሊሱም ነጂውም በልማድ ይሄዱ ነበር። ልማድ ደግሞ የለመደውን ሰው ይመራዋል እንጂ አዲስ የገባውን አያስተምረውም። ስለዚህ በ2013 የግዛቱ የጐዳና ጠባቂ ፖሊስ መሥሪያ ቤት አንድ የምክር ጽሑፍ አወጣ። ጽሑፉ ልኩን በቍጥር የሚናገር ነበር። ባለ ሞተሩ በዙሪያው ካሉት መኪናዎች ፍጥነት በሰዓት ከ10 ማይል (16 ኪሎ ሜትር ያህል ማለት ነው) አብልጦ እንዳይሄድ፥ የመኪናዎቹም ፍጥነት በሰዓት 30 ማይል ወይም 48 ኪሎ ሜትር ያህል ከደረሰ በመካከላቸው እንዳይገባ ይመክራል። ማለፊያውም ብዙውን ጊዜ በግራ በኩል ባሉት በመጀመሪያውና በሁለተኛው መስመር መካከል ቢሆን እንደሚሻል ገልጦ ነበር።

ጥቂት ጊዜ ቆይቶ አንድ ሰው የመሥሪያ ቤቶችን ደንብ ለሚመረምረው የግዛቱ ጽሕፈት ቤት አቤቱታ አቀረበ። የአቤቱታውም ቃል፥ ፖሊስ ይህን ያወጣው በሕግ የተወሰነውን የደንብ ማውጫ ሥርዓት ሳይከተል ነው የሚል ነበር። በካሊፎርኒያ ሕግ አንድ መሥሪያ ቤት ሕዝቡን ሁሉ የሚመለከት ደንብ ለማውጣት ሲያስብ አስቀድሞ ማስታወቅ፥ የሕዝቡንም አስተያየት መቀበል አለበት፤ ይህን ሳያደርግ የሚያወጣው ደንብ የስውር ደንብ ተብሎ ይነቀፋል። የጐዳና ጠባቂው ፖሊስ ከመርማሪው ጽሕፈት ቤት ጋራ ከተነጋገረ በኋላ ምክሩን ለመተው ወሰነ፤ በ2014 ጽሑፉን ለሕዝብ ከገለጠበት ገጽ ላይ አነሣው።

አቤቱታው ከንቱ ነው ማለት አይገባም። ሹም በጠረጴዛው ላይ የጻፈውን ወረቀት ሁሉ ሕግ አድርጎ ሕዝቡን ቢያስገድድበት፥ ሕግ አውጪው ምክር ቤት ለምን ተቋቋመ? በኢትዮጵያም ይህ ነገር ታስቦበት፥ በኢትዮጵያ አቈጣጠር በ2012 ዓመተ ምሕረት የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቍጥር 1183 መሥሪያ ቤቶች መመሪያ ሲያወጡ አስቀድመው እንዲያስታውቁ፥ የሕዝብ አስተያየት እንዲቀበሉና መመሪያውን እንዲያስመዘግቡ ያዛል። በዚህ ላይ በአማርኛ አንድ ችግር አለ። መመሪያ የሚለው ቃል አስገዳጅ ለሆነውም ደንብ፥ ለመምራት ብቻ ለተጻፈውም ምክር በአንድነት ይነገራል፤ ሰሚውም የትኛው እንደ ሆነ ሳይለይ ይፈራል ወይም ይንቃል። የካሊፎርኒያ ሰዎች ሁለት ቃል እያላቸው እንኳ በዚህ ከተከራከሩ፥ አንድ ቃል ያለው ሕዝብ አብልጦ መጠንቀቅ ይገባዋል።

የሆነ ሆኖ በ2014 የሆነውን ነገር በሚገባ መመልከት ያስፈልጋል። ምክሩ ተነሣ፤ አካሄዱ ግን አልቀረም። ሕጉ እንደ ቀድሞው ዝም ብሎ ነበር፤ ነጂዎቹም እንደ ቀድሞው በየማለዳው በሰልፉ መካከል ያልፉ ነበር። የተለወጠው ነገር ቢኖር፥ ሞተር ቢስክሌት አዲስ የገዛ ወጣት ምን ያህል ፍጥነት እንደሚገባ ሊጠይቅ ወደ መንግሥት ቢሄድ የሚመልስለት አለመኖሩ ብቻ ነው። ሥርዓቱን ለመጠበቅ ሲባል የሰው ሕይወት ያለ ምክር ቀረ። ሥርዓቱና ምክሩ አብረው ሊጠበቁ የሚችሉ ሲሆኑ አንዱን ለማዳን ሌላውን መጣል የሰነፍ መፍትሔ ነው።

በዚህ መካከል የበርክሌይ ዩኒቬርሲቴ መርማሪዎች ነገሩን በቍጥር መርምረው ነበር። ቶማስ ራይስ የሚባለው ሊቅና ባልደረቦቹ ከ2012 እስከ 2013 በካሊፎርኒያ አደጋ የደረሰባቸውን 5,969 የሞተር ቢስክሌት ነጂዎች መዝገብ አገላብጠው በ2015 ውጤቱን አወጡ። ከእነዚህ መካከል 997ቱ አደጋው በደረሰባቸው ጊዜ በሰልፍ መካከል ያልፉ የነበሩ ናቸው። እነዚህን ከሌሎቹ ጋራ ሲያስተያዩአቸው፥ በራሳቸው ላይ ጉዳት የደረሰባቸው ከመቶ 9 ሲሆኑ ከሌሎቹ ግን ከመቶ 17 ነበሩ። በደረትና በሆድ አካባቢ የተጐዱት ከመቶ 19 ሲሆኑ ከሌሎቹ ከመቶ 29 ሆኑ። የሞቱት ደግሞ ከመቶ 1.2 ሲሆኑ ከሌሎቹ ከመቶ 3 ናቸው። ከኋላ በመኪና የተመቱትም ከሌሎቹ ያነሱ ሆነው ተገኙ፤ ይኸውም ከመቶ 2.6 በ4.6 ላይ ነው።

ይህን የሰማ ሰው ፈጥኖ በሰልፍ መካከል ማለፍ ከአደጋ ያድናል ብሎ ይፈርድ ይሆናል። እንዲህ ያለው ፍርድ ግን ስሕተት ነው። መርማሪዎቹ የቈጠሩት የወደቁትን ብቻ ነው፤ በዚያው ዘመን በሰልፍ መካከል አልፈው በሰላም ቤታቸው የገቡትን፥ በሰልፉ ቆመውም በሰላም የገቡትን አልቈጠሩም። ስለዚህ ጥናቱ ከወደቁ በኋላ ማን የበለጠ እንደ ተጐዳ ይናገራል እንጂ ለመውደቅ የበለጠ የሚቀርበው ማን እንደ ሆነ አይናገርም። ደግሞም በሰልፍ መካከል የሚያልፉት አብዛኞቹ በሥራ ቀን ወደ ሥራቸው የሚመላለሱ፥ ፊትን ሁሉ የሚሸፍን የራስ ቍር የሚያደርጉ፥ መጠጥም ጠጥተው የተገኙት ከመካከላቸው ጥቂቶች ናቸው፤ የጉዳታቸው ማነስ ከፊሉ ከዚህ የተነሣ ሊሆን ይችላል። በሌላው ወገን ደግሞ የፊተኛውን መኪና ከኋላ በመምታት እነርሱ ከሌሎቹ እጅግ በልጠው ተገኝተዋል፤ ከመቶ 38 ሲሆኑ ሌሎቹ 16 ናቸው። ጥናቱን ለክርክር የሚጠቅሱት ሰዎች፥ ደጋፊዎችም ነቃፊዎችም፥ ከዚህ ውስጥ የሚመቻቸውን ቍጥር ብቻ መርጠው መናገር ይወዳሉ።

ከሁሉ የሚበልጠው የጥናቱ ፍሬ ግን ስለ ፍጥነት የተናገረው ነው። የመኪናዎቹ ፍጥነት በሰዓት ከ50 ማይል (80 ኪሎ ሜትር ያህል) ሳያልፍ፥ ባለ ሞተሩም ከእነርሱ ከ15 ማይል (24 ኪሎ ሜትር ያህል) ባልበለጠ ልዩነት ቢሄድ አደጋው ያነሰ ሆኖ ይገኛል፤ ልዩነቱ ከዚያ ሲያልፍ የጉዳቱ ብዛት ይጨምራል። እንግዲህ ለነጂ የሚነገር፥ በራሱ የፍጥነት መለኪያ ላይ ተመልክቶ ሊጠብቀው የሚችል ልክ ተገኘ ማለት ነው።

ቢል ኲርክ የሚባሉት የካሊፎርኒያ ምክር ቤት አባል ይህንኑ ልክ በሕግ ለመጻፍ ሐሳብ አቀረቡ። ረቂቁ በምክር ቤት ሳለ በአንድ ወቅት 50 ማይልንና 15 ማይልን በግልጥ ይጠቅስ ነበር። በዚህ ጊዜ ከሞተር ቢስክሌት ነጂዎች ማኅበሮች አንዳንዶቹ ተቃወሙ። ተቃውሟቸው በችኰላ የሚናቅ አልነበረም፤ ቍጥር በሕግ ከተጻፈ ፖሊስ ይቀጣበታል፥ የኢንሹራንስ ኩባንያም ካሣ ላለመክፈል ምክንያት ያደርገዋል፥ መንገዱ ግን በየሰዓቱ ስለሚለዋወጥ አንድ ቍጥር ለሁሉ አይበቃም ብለው ይሠጉ ነበር። ከዚህ የተነሣ ረቂቁ ተለውጦ ቍጥሩ ሁሉ ወጣለት። አገረ ገዥው ጄሪ ብራውን በ2016 የፈረሙበት ሕግ፥ በሰልፍ መካከል ማለፍ ምን ማለት እንደ ሆነ ብቻ ተርጕሞ፥ የጐዳና ጠባቂው ፖሊስ የማስተማሪያ ምክር እንዲያወጣ ይፈቅድለታል። ምክሩንም ሲያዘጋጅ የመንጃ ፈቃድና የመንገድ ሥራ መሥሪያ ቤቶችን፥ የመንገድ ደኅንነት ጽሕፈት ቤትን፥ እንዲሁም ስለ ነጂዎች ደኅንነት የሚያስብ ማኅበርን እንዲያማክር ያዘዋል። ሕጉ ከጥር 2017 መጀመሪያ ቀን አንሥቶ ጸና።

እስከዚህ ድረስ የሚነቀፍ ነገር የለም። በ2013 የጐደለው ሥልጣን ተገኘ፤ አቤት ባዩም የጠየቀው ሥርዓት ተሟላ። ፖሊሱም በ2018 አዲሱን ምክር አወጣ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ብዙ የሚጠቅም ቃል አለ። በሁለቱ ፍጥነት መካከል ያለው ልዩነት በበዛ ቍጥር አደጋው እንደሚጨምር፥ ጠቅላላውም ፍጥነት ሲጨምር አደጋው እንደሚበዛ፥ ከከባድ መኪናዎች አጠገብ መራቅ እንደሚያስፈልግ ይናገራል። የመኪና ነጂዎችም ባለ ሞተሩን ለመጕዳት ብለው መንገድ መዝጋትም ሆነ በር መክፈት በሕግ የተከለከለ መሆኑን ያሳስባል፤ ይህም በንዴት የሚነዱትን ሰዎች የሚመለከት ስለ ሆነ ደግ ሥራ ነው። ነገር ግን 10 ማይልም 15 ማይልም አይገኝበትም። የፍጥነት ልክ በቍጥር አልተጻፈም።

ፍጥነት ሲበዛ አደጋ ይበዛል የሚለውን ቃል ለመስማት ማንም ሰው ወደ ፖሊስ አይሄድም፤ ፊደል ያልቈጠረም ያውቀዋል። ነጂው የሚጠይቀው ምን ያህል ነው ብሎ ነው። ሐኪም ለበሽተኛ መድኃኒቱን ሰጥቶ ብዙ አትውሰድ ብቻ ቢለው ሐኪምነቱ ምን ላይ ነው? ሥልጣን ያልነበረው ምክር ቍጥር ነበረው፤ ሥልጣን ያገኘው ምክር ግን ቍጥሩን አጣ፤ ይህም የሆነው ጥናቱ ከወጣ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው።

ሌሎች መንግሥቶች ከዚህ የተለየ መንገድ ይዘዋል። የዩታ ግዛት በ2019፥ የአሪዞና ግዛትም በ2022 ባወጡት ሕግ፥ መኪናዎቹ ጨርሰው በቆሙበት፥ የመንገዱም የፍጥነት ወሰን ከ45 ማይል በማይበልጥበት ስፍራ ባለ ሞተሩ በ15 ማይል ብቻ እንዲያልፍ ወስነዋል። በአውስትራሊያ የኒው ሳውዝ ዌልስ መንግሥት ከ2014 ጀምሮ የመለፊያውን ፍጥነት በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር አድርጎታል። ፈረንሳይም ከ2016 አንሥቶ በተወሰኑ አውራጃዎች ሁለት ጊዜ ከሞከረችው በኋላ በ2025 ፍጥነቱን በቍጥር ወስና በአገሩ ሁሉ ፈቅዳለች። እነዚህ ሁሉ ቍጥሩን በሕግ አስገብተው ይቀጡበታል። የካሊፎርኒያ ነጂዎች የሚሠጉት ይህንኑ ስለ ሆነ የእነርሱ ግዛት ይህን ባያደርግ ሊገባ ይችላል። ነገር ግን በቍጥር መቅጣትን አለመውደድ ቍጥሩን ከምክርም ውስጥ ለመሰረዝ ምክንያት አይሆንም።

የቀረው ሥራ ከባድ አይደለም። ሕጉ ሥልጣኑን ሰጥቷል፤ የሚመከሩትም መሥሪያ ቤቶችና ማኅበር በስም ተቈጥረዋል። ፖሊሱ እነርሱን ሰብስቦ፥ በ2018ቱ ጽሑፍ ላይ ከጥናቱ የተገኘውን የ50ና የ15 ማይል ልክ ሊጨምርበት ይችላል፤ ጥናቱ የወደቁትን ብቻ የሚመለከት መሆኑንም አብሮ ይጻፍ። የነጂዎቹን ሥጋት ለማስወገድ ደግሞ ምክር ቤቱ በዚያው ሕግ ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር መጨመር ይበቃዋል፤ ይኸውም በምክሩ ውስጥ የተጻፈውን ቍጥር ማለፍ ብቻውን ለቅጣትም ሆነ ካሣ ለመከልከል ማስረጃ እንዳይሆን ነው። ያን ጊዜ ማኅበሮቹ ቍጥሩን የሚቃወሙበት ምክንያት አይኖራቸውም፤ ፖሊሱም ምክሩን በ2014 እንዳደረገው የሚያነሣበት ምክንያት አይኖረውም።