ለብስክሌቱ ማን ይጠየቃል?

መስቀል ሲቃረብ የአዲስ አበባው የሽሮ ሜዳ ሸማኔ አገሩ ይገባል። ዓመቱን ሙሉ ከመወርወሪያው ጋር ሲታገል የከረመ ሰው ለታናሽ ወንድሙ ብስክሌት ቢገዛ ማንም አይደነቅም። አገሩ ኦቾሎ ነው እንበል፤ ኦቾሎ ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን፣ አባያ ሐይቅን ቁልቁል በሚያይ ዐለታማ ተረተር ላይ የሰፈረ ቀዬ ነው። ብስክሌቱ በደንብ የሚያገለግለው ግን ከታች ሜዳው ላይ፣ በላንቴና በጫኖ የሙዝ ማሳዎች በኩል በሚያልፈው መንገድ ነው። እዚያ ሳይክል ያለው ልጅ ከትምህርት መልስ ገበያ ደርሶ ሳይመሽ ቤቱ ይገባል። ገንዘቡ በቁጠባ ይገኛል፤ ዕቃውም መርካቶ ሞልቷል። መከራው የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ባለው 500 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ላይ ነው።

ላኪው በቀጥታ የሚሄደው ወደ መናኸሪያ ነው። ጫኙ አንድ ዋጋ ይጠራል፣ ረዳቱ ሌላ። ብስክሌቱ መሪው ሳይዞር፣ ፔዳሉ ሳይፈታ ጣሪያ ላይ ይወጣና ከፍራሽና ከጆንያ መካከል በገመድ ይጠፈራል። ላኪው ለመተማመኛ የሚይዘው የታርጋውን ቁጥርና የሾፌሩን ስልክ ነው። የዚህ ዝግጅት ክፍል ባልደረባ በዚህ መንገድ የላከው ብስክሌት የፊት ሹካው ጠሞ፣ ሁለት ራጂ ተሰብሮ ነው የደረሰው። ረዳቱ “ሲጫን ነው” አለ። ጫኙ “ሲወርድ ነው” አለ። ሾፌሩ ደግሞ ስለ ብስክሌት የሰማው ነገር እንደሌለ ተናገረ። ማንኛቸው እንደዋሹ ዛሬም አናውቅም፤ ምናልባት አንዳቸውም አልዋሹም።

የኦቾሎ ሰዎችን ጨምሮ ጋሞዎች እንዲህ ያለውን ጉዳይ የሚያዩበት አደባባይ አላቸው፤ ዱቡሻ ይሉታል። ኦቾሎ በተለይ በዚህ ጉባኤው ይታወቃል። ፈረንሳዊው የሰው ጥናት ምሁር ማርክ አቤሌስ በ1983 እ.ኤ.አ. ያሳተመው መጽሐፍ ያተኮረው በዚሁ በኦቾሎ የአደባባይ ሸንጎ ላይ ነው። በዱቡሻ ተበዳይም በዳይም ቆሞ ይናገራል፣ ሁሉም እየሰማ። የብስክሌቱ ነገር እዚያ ቢቀርብ ሽማግሌዎቹ አስቀድመው የሚጠይቁት “ዕቃውን ከእጅህ የተቀበለህ ማነው?” ብለው ይመስለናል። ላኪው ለዚህ ጥያቄ መልስ የለውም። የተቀበለው አንድ ሰው ሳይሆን ግርግሩ ነው።

ሕጉ በዚህ ረገድ ድሃ አይደለም። የ1952ቱ የንግድ ሕግ ሦስተኛ መጽሐፍ ስለ አጓጓዦችና ስለ ኢንሹራንስ ነው። የማጓጓዝ ሕግ መነሻም ግልጽ ነው፤ ዕቃ የተረከበ ሰው እስኪያስረክብ ድረስ ለሚደርሰው ጉዳት ይጠየቃል። ነገር ግን “ተረክቤያለሁ” የሚል ወረቀት ከሌለ ይህ ሁሉ አንቀጽ ለሸማኔው ምን ይፈይድለታል? በደረሰኝ የሚሠራ ሕግ ያለ ደረሰኝ ባዶ ነው።

ዓይናችን ወደ ፖስታ ቤት የሚሄደው ለዚህ ነው። የኢትዮጵያ ፖስታ በ1886 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ተቋቋመ፤ በ1901 ዓ.ም. የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆነ። የሰውን ዕቃ በማኅተምና በደረሰኝ መረከብ የተቋሙ የዕለት እንጀራ ነው። የሚያስቸግረው የብስክሌት ገላ ነው። በዓለም አቀፉ የፖስታ ደንብ የአንድ ጥቅል ርዝመት ከ2 ሜትር፣ ርዝመቱና ዙሪያው ሲደመር ደግሞ ከ3 ሜትር እንዳያልፍ ይጠየቃል። የፊት ጎማው ብቻ ተፈትቶ የታሸገ ብስክሌት ካርቶኑ 140 በ80 በ20 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ዙሪያው 2 ሜትር፣ ከርዝመቱ ጋር 3 ሜትር ከ40 ይሆናል፤ አያልፍም። የኋላውም ጎማ ተፈትቶ ካርቶኑ 120 በ70 በ20 ቢሆን ግን ልክ 3 ሜትር ላይ ይቆማል። ወሰኑ ያለው በመፍቻ አንድ ዙር ሥራ ላይ ነው፣ ይህንንም ለሕዝቡ የሚነግር ያስፈልጋል።

ኩሪየሮችም ቢሆኑ ያው ናቸው። ብዙዎቹ ለአየር ጭነት የካርቶኑን ይዘት በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር አስልተው ለ5,000 ያካፍላሉ። የመጀመሪያው ካርቶን 45 ኪሎ ያህል ይወጣዋል፤ ብስክሌቱ በሚዛን ግን 15 ኪሎ ቢሆን ነው። ሸማኔው ለሌለ 30 ኪሎ ይከፍላል ማለት ነው። በመኪና ለሚሄድ የአገር ውስጥ ጭነት ይህን ስሌት መከተል ፍትሐዊ አይደለም እንላለን።

ፍርዳችን ይህ ነው፦ ዋናው ዕዳ የፖስታ ነው፤ ለሕዝቡ ደረሰኝ የመስጠት አደራ ያለበት ተቋም እሱ ነውና። ለውጭ አገር የተሠራ የመጠን ወሰን ከአዲስ አበባ አርባ ምንጭ ለሚሄድ ዕቃ ሰበብ ሊሆን አይገባም። በየቅርንጫፉ መስኮት ላይ ብስክሌት እንዴት ተፈትቶ፣ በስንት ብር፣ በስንት ቀን እንደሚደርስ የሚናገር አንድ ገጽ ይለጠፍ። ዋጋው በእውነተኛው ሚዛን ይሁን። ላኪው የዕቃውን ግምት በደረሰኙ ላይ ያስጽፍ። ሕንዶች በባቡር ጣቢያ የጭነት ቢሮ ብስክሌትን እንደ ተራ ዕቃ መዝግበው፣ መድረሻውን ጽፈውበት ይልካሉ፤ የተለየ ጥበብ የለውም።

መናኸሪያም ነጻ አይወጣም። አውቶቡስ ሲጭን ኃላፊነቱን ይፈርም፤ የጫኝና አውራጅ ዋጋም የሰው ፊት ታይቶ የሚቆረጥ ሳይሆን ግድግዳ ላይ የተጻፈ ይሁን።

“ፖስታ በዚህ ዋጋ አይችልም” የሚሉን አሉ። መልሱ ሩቅ አይደለም። ሙዝ ጭነው ከአርባ ምንጭ ወደ አዲስ አበባ የሚወጡት መኪኖች ሲመለሱ ጭነት ይፈልጋሉ። ፖስታ ከእነሱ ጋር ውል ቢዋዋል በደረሰኝና በማኅተም የሚጓዝ ብስክሌት ቦታ አያጣም። ከአርባ ምንጭ ወዲያ ያለውን የኦቾሎ ዳገት ባለቤቱ ይወጣዋል፤ ያንን ማንም አልጠየቀም።

ላኪውም የሚችለውን ያድርግ። ጎማው ይፈታ፣ ሹካው እንዳይጣመም በመካከሉ እንጨት ይግባበት፣ መሪው ይዙር። የግራው ፔዳል ጥርሱ የተገለበጠ ነው፤ ለመፍታት እንደማጥበቅ ይዞራል፣ በጉልበት የሚታገለው ሰው ይሰብረዋል። የተፈቱት ብሎኖች በጨርቅ ተቋጥረው ከቧንቧው ጋር ይታሰሩ። ከዚያም ካርቶኑ ሳይዘጋ ፎቶ ይነሳ፤ ፎቶውም ደረሰኙም ወንድሙ ስልክ ላይ ቀድሞ ይድረስ።